የዘጠና ስድስት ነጥብ አራት ከመቶ እርካታችን ጉዳይ

ለክቡር አቶ ዘመንፈስቅዱስ
የክር መደዳ ቃጠሎ መልሶ ማቋቋም አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ እንዲሁም መግለጫ በሰጡ ቁጥር ከፊትዎ የማይጠፉትን የአራቱን ማይክሮፎኖች ጤና ጨምሮ። ባለፈው ማክሰኞ በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሁለት ጊዜ ሳል ስላቋረጠዎ እኛ ሴቶቹ በጣም ተጨንቀን ነበር፤ እርስዎ አንድ ቀን ድምፅዎ ቢዘጋ ደህና መሆናችንን ማን ይነግረናል ብለን ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ መሊካ ይባላል። ከጭድ ተራ ጀርባ፣ ክር መደዳ በሚባለው ቦታ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ስሆን የመደዳው ዕድር ጸሐፊም ነኝ። ቃለ ጉባኤ መጻፍ ልማድ ስለሆነብኝ ነገር ሁሉ በተራ ቁጥር ካልተቀመጠ አይዋጥልኝም፤ ይህንንም ደብዳቤ በተራ ቁጥር በማዘጋጀቴ ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእርስዎ በግል ልጽፍ አስቤም ነበር። ነገር ግን ከዚህ በፊት በግል የጻፍናቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ከተመታባቸው በኋላ የት እንደገቡ ስላላወቅን፣ ይኸኛው አንባቢ አጥቶ እንዳይቀር በአደባባይ መጻፉን መርጫለሁ።

ሥራ ስለሚበዛብዎ የሆነውን ባጭሩ ላስታውስዎ። በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳት ተነስቶ ሰማንያ አራት ሱቆቻችንን እስኪመሽ ድረስ በልቶ ጨረሰ። ሰው አልሞተም፤ አልሐምዱሊላህ። በዚያው ምሽት ጽሕፈት ቤትዎ ተቋቋመ፤ እኛም «ለሦስት ወር ብቻ» ተብለን ከመርካቶ በሁለት ታክሲ ወደሚደረስ ጊዜያዊ የገበያ ማዕከል ተዛወርን። ሦስቱ ወር አምስት ሆነ። ያው ባለፈው ማክሰኞ፣ ሳሉ በያዘዎ ቀን ማለቴ ነው፣ በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ነጋዴዎቹ በማዕከሉ ያላቸው እርካታ ዘጠና ስድስት ነጥብ አራት ከመቶ መድረሱ በጥናት ስለተረጋገጠ ማዕከሉ ቋሚ ይሆናል፤ የቀድሞው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ጉዳዩም በመጪው ሐሙስ ስብሰባ ይጸድቃል ይላል። እንግዲህ ቦታችንን የምናጣው በጣም ደስ ስላለን ነው ማለት ነው።

የእኛ ንግድ ምን እንደሚመስል ባያውቁ አይፈረድብዎትም። አንድ ልብስ ሰፊ ሸማ ተራ ቁጭ ብሎ የሙሽራ ልብስ እየሰፋ ሳለ ክር ያልቅበታል። የጨርቁን ቁራጭ ይዞ እየሮጠ ይመጣል፤ እኔ ቁራጩን በር ላይ አውጥቼ በብርሃን አይቼ ክሩን እመርጥለታለሁ፤ እየሮጠ ይመለሳል። ጥቁር ክር ብቻ አሥራ አንድ ዓይነት አለ፤ አሥራ አንዱንም በዓይኔ እለያለሁ። ሌላ ሙያ ግን የለኝም። ይህ ሰው ለአንድ ጥቅልል ክር ሁለት ታክሲ ሄዶ፣ ሁለት ታክሲ ተመልሶ፣ ሙሽራዋን ደጁ ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ይመጣል ብሎ ያጠና ባለሙያ በጽሕፈት ቤትዎ ካለ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ክር መደዳ ከሸማ ተራ ርቆ አይኖርም፤ ወደ ቦታችን ካልተመለስን ሰማንያ አራታችንም አልቆልናል። የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

ያም ሆኖ ሰው ማማረር አልወድም። ያየሁትን ውለታ ሁሉ በተራ ቁጥር አስቀምጬ አስቀድሜ ላመስግን።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ። «ቃጠሎው ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚለው መግለጫዎ የወጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እውነትዎን ነው፣ ውሎ ነበር። የሚቃጠል ነገር ስላለቀ እሳቱም ሥራ ፈትቶ ነበር። በማግስቱ ደግሞ «የጉዳቱ መጠን እየተጣራ ነው» አሉ፤ ይኸው አምስት ወር ሙሉ እየተጣራ ነው። የተቃጠለብኝን ዕቃ ዝርዝር በሁለት ገጽ ጽፌ በሦስተኛው ቀን ለጽሕፈት ቤትዎ ማስገባቴ ሥራችሁን ለማጣደፍ ከመሰላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዕድገታችን። በመጀመሪያው መግለጫ «ተጎጂዎች» ነበርን። በኅዳር «ተነሺዎች» ሆንን። በታኅሣሥ «የፕሮጀክቱ ባለድርሻዎች» ተባልን፤ ከጥር ጀምሮ ደግሞ «ተጠቃሚዎች» ነን። ያለ ፈተና፣ ያለ ደጅ ጥናት በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ዕድገት ማግኘት ለማን ሆኖለት ያውቃል? ችግሩ ዕድገቱ የወረቀት ብቻ መሆኑ ነው፤ ተጎጂ ሆነን የገባንባት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተጠቃሚ ሆነንም ዝናብ ይገባብናል።

ሦስተኛ፤ ስለ እትዬ ውባንቺ ፎቶ። እትዬ ውባንቺ ከእኔ ሱቅ በስተቀኝ ሠላሳ ዓመት ቁልፍና ገበር የሸጡ፣ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው የሆነ የጉራጌ ሴት ናቸው። ከቃጠሎው በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጥርሳቸውን አላየንም ነበር። የብርድ ልብስና የባልዲ ርክክብ በተደረገበት ቀን ግን፣ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ክቡር እንግዳው ስለ ጽናት ንግግር እያደረጉ ሳለ ድንኳኑን የያዘው ብረት ወደቀና «በጋራ እንነሳለን» የሚለው ጨርቅ እንግዳውንም፣ እርስዎንም፣ ማይክሮፎኖቹንም አንድ ላይ ሸፈናችሁ። እትዬ ውባንቺ ያን ጊዜ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፎቶ አንሺያችሁም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና በዚያችው ቅጽበት አነሳቸው። ዛሬ ያ ሳቃቸው በአምስት ሜትር ሸራ ላይ ታትሞ በተቃጠለው ቦታችን አጥር ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «ሕይወቴ ከቀድሞው ተሻሽሏል» የሚል፣ እሳቸው በሕልማቸው እንኳ ያላሉት ቃል ተጽፎበታል።

ፎቶው በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የሆነውን ደግሞ ላጫውትዎ። ወልቂጤ ያሉ ዘመዶቻቸው አዋጥተው ቆጮና ቅቤ ጭነው ሊመጡ መኪና ተከራይተው ነበር። ፎቶውን ሲያዩ ጉዞውን ሰርዘው ቆጮውን ለሌላ የተቸገረ ሰጡት። ወንድማቸው ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ ያለሽ ካለ በኋላ በአዲሱ ማዕከል ለልጁ አንድ ሱቅ እንዲያፈላልጉለት ለመናቸው። እትዬ ውባንቺ ይህን ሲነግሩኝ ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ነበር፤ ምን ብለው እንደመለሱለት ስጠይቃቸው እሺ ማለታቸውን ነገሩኝ። ሌላ ምን ይበሉ? በአምስት ሜትር ሸራ ላይ የሚስቅ ሰው ቸግሮኛል ቢል ማን ያምነዋል?

አራተኛ፤ ይህንን ተራ ቁጥር የጻፍኩት በንዴት ስለነበር ሰርዤዋለሁ። ሰርዢው ብለው የመከሩኝ የመደዳችን የስፌት መኪና ጠጋኝ ጋሼ ሀብተ ወልድ ናቸው። የጋሼ ሀብተ ወልድን ቁጣ የሚያውቅ ሰው፣ እሳቸው እንኳ በዛ ያሉት ነገር ምን ያህል እንደበዛ ይገባዋል። ቁጥሩን እንዳለ የተውኩት ቦታው ባዶ እንዳልነበረ እንዲያውቁልኝ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ አስተያየት መስጫ ሳጥኑ። በታኅሣሥ ወር ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ቁልፍ ያለው፣ ያማረ ሳጥን ይዛችሁ መጥታችሁ በማዕከሉ በር ላይ ሰቀላችሁ፤ ጭብጨባ ነበረ፤ ፎቶም ተነሳ። እኔ አስተያየቴን ለመጻፍ እስክሪብቶ ስፈልግ ሳጥኑ ተነቅሎ መኪና ላይ ተጫነ። ሾፌሩን ብጠይቀው ሳጥኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ለሌሎች ሁለት ቦታዎችም የሚመረቀው እሱ መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ቁጠባችሁን አደንቃለሁ፤ ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ስድስተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ተመቻችተው እንዲቀመጡልኝ እለምናለሁ።

በጥር ወር ቲና የምትባል አነጋገሯ የሚጥም ልጅ ከጽሕፈት ቤትዎ ደወለችልኝ። ስሜን አረጋግጣ፣ ጤናዬን ጠይቃ፣ በጊዜያዊው ማዕከል እንዴት ነዎት አለችኝ። እኔም ሰው የሚለውን አልኩ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ከሌላ አገር አልመጡም። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ተመስገን ይላል። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት ለቅሶ ደራሹ እንዴት ነሽ ሲላት ተመስገን ነው የምትለው። ፈጣሪን ፊት ለፊት ማማረር ነውር ስለሆነ መጀመሪያ ይመሰገናል፤ ከዚያ ሰውዬው ትንፋሹን ሰብስቦ «ግን» ይላል፤ ጨዋታው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ወሎዬውም ጉራጌውም በዚህ አይለያይም። እኔም «ግን» ልል አፌን ስከፍት ቲና ለትብብሬ አመሰገነችኝና ስልኩ ተዘጋ። ያው የመደወያ ሒሳቧ አልቆ ይሆናል ብዬ እስኪደወልልኝ ጠበቅሁ።

የሆነው ነገር የገባኝ ባለፈው ረቡዕ ነው። የቴሌግራሙ ጽሑፍ በወጣ ማግስት ቲና ራሷ በሁለት ታክሲ ተጉዛ ማዕከሉ ድረስ መጣች። የረኩትን ሰዎች በዓይኗ ለማየት እንደመጣች ነገረችኝ። ዱካ ላይ አስቀምጫት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእኔ ጋር ዋለች። በዚያ ሁሉ ሰዓት ሦስት ሰው ወደ ሱቄ መጣ። አንዱ መርፌ ገዛ፣ አንዷ ሽንት ቤት ጠየቀች፣ ሦስተኛው ታክሲ የት እንደሚያዝ ጠይቆኝ ሄደ። ቲና ይህን ካየች በኋላ ከቦርሳዋ ቅጹን አውጥታ አሳየችኝ። አምስት ሳጥኖች አሉት። ከመመሪያው ጋር የተሰጣት ወረቀት ላይ «ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» ያለ ሰው በጣም የረካ፣ «ምን ይደረጋል» ያለ ደግሞ የረካ ተብሎ እንዲመዘገብ ታዟል። ለአንድ ሰው የተፈቀደላት ሁለት ደቂቃ ነው። እንባ ባቀረረ ዓይኗ አየችኝና እንዲህ አለችኝ፤ «እትዬ፣ ከመጀመሪያዋ ቃል በኋላ የምትሉትን ዛሬ ሰምቼዋለሁ። ግን የምጽፍበት ሳጥን የለውም።»

ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከሰማንያ አራታችን ሰማንያ አንዳችን ፈጣሪያችንን በማመስገናችን ወይም ምን ይደረጋል በማለታችን ረክተናል። ሁለቱ ስልካቸው ከሱቃቸው ጋር ስለተቃጠለ ሊገኙ አልቻሉምና «ገለልተኛ» ተብለዋል። የቀሩት አንዱ ጋሼ ሀብተ ወልድ ናቸው። እሳቸው ሰላምታ የሚባል ነገር ስለማይወዱ ስልኩን አንስተው ሳያመሰግኑ በቀጥታ ወደ ቁም ነገሩ ገብተው ሰባት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። እሳቸው የተመዘገቡት «የተሳሳተ ቁጥር» ተብለው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልማጸንዎ። ቅጹን ያሳየችኝ እሷ መሆኗን የጻፍኩት እሷው ጻፊው ብላኝ ነው። በዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የእኛን ድምፅ እስከ መጨረሻው የሰማ አንድ ሰው ቢኖር ይህቺ ልጅ ናትና እንዳይነኩብን።

ዓርብ ዕለት እርስዎን ላነጋግር መጣሁ። ሦስት ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ ከቢሮዎ ሲወጡ አገኘሁዎት፤ ምስጋና ይግባዎትና ቆም ብለው እጄን ጨበጡኝ። መንገድ ላይ ስመላለሰው የመጣሁትን ንግግር ልጀምር ስል እርስዎ ቀደሙና እንዴት ነዎት እናቴ አሉኝ። ምላሴን ምን እንደነካት አላውቅም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አልኩ። እርስዎም ፊትዎ በርቶ፣ አጠገብዎ ወደቆሙት ሰውዬ ዞረው «ይኸው፣ ከሕዝቡ አንደበት» አሉና ደረጃውን ወረዱ። እኔ «ግን» ስል እርስዎ መኪናዎ ውስጥ ነበሩ። ጸሐፊዎ እንዳዘነችልኝ አውቃለሁ፤ ብንመለስ እንኳ የቀድሞው ድንበር በአመድ ስለተሸፈነ የማን ቦታ የት እንደሆነ ለመለየት የስድስት ወር ጥናት እንደሚያስፈልግ ነግራ አጽናናችኝ። በራሴ በጣም ከመናደዴ የተነሳ ታክሲ ሳልይዝ እስከ ራጉኤል ድረስ ብቻዬን እያወራሁ በእግሬ ሄድኩ። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር።

እሑድ የመደዳውን ስብሰባ ጠራሁ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ድጋሚ ቢደወል ሳያመሰግኑ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ መለማመድ። ጋሼ ሀብተ ወልድ ቲናን ሆነው ጫማቸውን እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው በተራ በተራ ጠየቁን። መጀመሪያ እኔ ወደቅሁ። ከእኔ በኋላ የመጡት አሥራ አራት ሰዎችም ወደቁ። አንዱ «ተ» ብሎ አፉን በእጁ ይዞ ቀረ፤ አንዷ ቃሉን ዋጥ አድርጋ ምንም ሳትናገር ተቀመጠች። ጋሼ ሀብተ ወልድ ሰው ሁሉ እንደሳቸው ባለመሆኑ ተበሳጭተው ጫማቸውን ወረወሩ።

የእትዬ ውባንቺ ተራ ሲደርስ ግን አልለማመድም አሉ። ተነስተው ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉን፤ «እኔ ከዚያ እሳት በነፍሴ ወጥቻለሁ። ለአንድ ሰውዬ ቅጽ ብዬ ፈጣሪዬን አላስቀይምም። የሚታረመው የእሳቸው ወረቀት ነው እንጂ የእኔ አፍ አይደለም።» እኔም እስክሪብቶዬን አንስቼ ይህን በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩ፤ በሙሉ ድምፅም ጸደቀ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ፈርቻለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሱቄ ሲቃጠል አላለቀስኩም፤ ዕቃ ነው፣ ይተካል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። የቴሌግራሙን ጽሑፍ ያነበብኩ ቀን ግን አለቀስኩ። እሳቱ ቢያንስ ዕቃዬን ሲወስድ አንቺው ነሽ የፈቀድሽልኝ አላለኝም። እናንተ ግን ቦታዬን የምትወስዱት በስሜ ፈርማችሁ ነው፤ ያውም የፈረማችሁበት ቃል የጸሎቴ ቃል ነው። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ስለዚህ የመደዳው ነጋዴዎች በትሕትና የምንጠይቀው ይህንን ነው። ሐሙስ ከሚደረገው ስብሰባ በፊት ያ ቁጥር እንዲነሳልን። ውሳኔው አንድ ሰው በአካል መጥቶ፣ ከሰላምታው በኋላ ያለውንም ቆሞ እስኪያዳምጠን ድረስ እንዲዘገይልን። የእትዬ ውባንቺ ሸራ ከአጥሩ ላይ እንዲወርድና ዘመዶቻቸው እንዲያውቁት በዚያው ቴሌቪዥን እንዲነገርልን። ወደ ቦታችን ከተመለስን ቆርቆሮውንም ምሰሶውንም እኛው እናቆማለን፤ ለምረቃውም ሪባን አጥፈን፣ ዘምዝመን እናዘጋጅልዎታለን፤ መቀሱን ብቻ እርስዎ ይዘው ይምጡ።

ደግነትዎ እንዳይጎድልብን፣ ድምፅዎ እንዳይሰልልብን፣ የሚሰጡት መግለጫ አንድ ቀን እንኳ ከሆነው ነገር ጋር የሚገናኝበትን ዕድሜ ፈጣሪ ለእርስዎም ለእኛም እንዲሰጠን እየለመንኩ፣ በመግለጫዎ ተጠቃሚ፣ በሸራዎ ደስተኛ፣ በቅጽዎ በጣም የረካሁ፣ በቆርቆሮው ሥር ግን ዝናብ የሚንጠባጠብብኝ፣

አክባሪዎ
መሊካ እንድሪስ
የክር መደዳ ዕድር ጸሐፊ
መጋቢት፣ አዲስ አበባ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት ጽፌ ጨርሼው ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰማንያ አራታችንም በየፌስታላችን የቻልነውን ዕቃ ይዘን ወደ ተቃጠለው ቦታ መጣን። የአጥሩ ጥበቃ ቶላ አሥራ ሁለት ዓመት ሱቆቻችንን የጠበቀ ሰው ነው። በሩን እንዳይከፍት ታዟል፤ አልከፈተምም። ከጎን ያለውን ቆርቆሮ ለመጠገን ብሎ ያነሳው ግን በዚያው ሰዓት ስለነበር በዚያ ገባን። እያንዳንዳችን በግራና በቀኝ ጎረቤታችንን እያየን ቦታ ቦታችንን ይዘን አመዱ ላይ ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም፤ ያ የስድስት ወር ጥናት በነፃ ተጠናቋልና የተመደበለትን በጀት ለሌላ ሳጥን መግዣ ያውሉት። ነገ በስብሰባው ላይ ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ሪፖርት እንዳይቀርብ ነው ይህችን የጨመርኩት። ከዚህ ለመነሳት ፈቃደኛ የሆነው ሰው ስንት ከመቶ እንደሆነ ለማወቅም ስልክ መደወል አያስፈልግዎትም፤ አንድ በአንድ፣ እስከ መጨረሻው ቃላቸው እየሰማሁ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ዜሮ ነው።